የአሜን ገበያ

በጥር ወር የእድር ስብሰባ ላይ ፍስሐ «አሜን» ማለት አቃተው።

መራቂዋ እትዬ ሸዋርካብሽ ነበሩ። በመርካቶው የጎጃም በረንዳ ነጋዴዎች እድር ውስጥ በዕድሜ የሚበልጣቸው የለም፤ ምርቃታቸውም እንደ ካፊያ ዝግ ብሎ ይጀምርና ሰው ሁሉ ሳይርስ አያባራም። «ደጃችሁ አይዘጋ!» አሉ። ክርስቲያኑ አሜን፣ ሙስሊሙ አሚን አለ። «ወልዳችሁ ሳሙ፣ ዘርታችሁ ቃሙ!» አሜን። «የጦርን ወሬ ያርቅልን፤ ለዓለሙ ሁሉ ሰላም ያውርድ!»

ፍስሐ አፉን ከፈተ። ቃሉ እስከ ጉሮሮው መጣ፤ እዚያ ሲደርስ መጋዘኑ ትዝ አለውና ተመለሰ።

መጋዘኑ የታጨቀው በጀሪካን ነው። ባዶ፣ ቢጫ፣ ከወለል እስከ ጣራ የተደረደረ ጀሪካን። በዚያ ዓመት ዝናም ቀርቶ እህል ተወዷል፤ ብር እንደ ሳሙና፣ በእጅ ይዘውት ሳይታወቅ የሚያልቅ ነገር ሆኗል። ብሩን በምን እንደሚለውጠው ሲያወጣና ሲያወርድ የከረመው ፍስሐ፣ አሜሪካ ኢራቅን መውጋቷ አይቀርም የሚለውን ወሬ በሬዲዮ ከሰማ ማግስት ጎረቤቱ ጠሃ ሱቅ ገባ። ጠሃ ሳፋና ባልዲ በጅምላ ይሸጣል፤ ዓለምን ደግሞ በችርቻሮ ያስረዳል።

«ስማኝ ፍስሐ» አለው ጠሃ። «ጦርነት ተነሣ ማለት ነዳጅ ተወደደ ማለት ነው። ነዳጅ ተወደደ ማለት ፕላስቲክ ተወደደ ማለት ነው። ጀሪካን ምንድን ነው? የረጋ ነዳጅ!»

«ውስጡ ባዶ ነው እኮ።»

«ባዶውን በነፃ ነው የሚሰጡህ።»

ፍስሐ አመነ። የበኩር ልጁ ሎዛ ኩዌት ሰው ቤት ተቀጥራ እየሠራች ለቤት መሥሪያ ብላ የምትልከውን ገንዘብ፣ የተጠራቀመውን ሁሉ አውጥቶ ጀሪካን ገዛበት። ኩዌት የኢራቅ ድንበርተኛ መሆኗን አያጣውም። ነገር ግን ይህ እውቀት በአንድ ኪሱ፣ ጀሪካኑ በሌላ ኪሱ ነበረ፤ ሁለቱ ኪሶች አይተዋወቁም።

ታዲያ በዚያ የጥር ስብሰባ አፉ የተዘጋው ፍስሐ ብቻ አልነበረም። ጠሃም ዝም ብሏል። የእድሩ ሰው ደግሞ ነጋዴ ነው፤ የተዘጋ አፍ ሲያይ ከበስተኋላው ምን እንደተቆለፈ ይጠይቃል። ሰኞ ማለዳ ሁለቱ ዝምተኞች ፕላስቲክ ማከማቸታቸው ታወቀ። ማክሰኞ ሌሎችም ገዙ። ባግዳድ ላይ አንድ ጥይት ሳይተኮስ ጎጃም በረንዳ ላይ የጀሪካን ዋጋ ጨመረ።

በየካቲት ስብሰባ ምርቃቱን የሚሰማ አልነበረም፤ ሁሉም የሚሰማው አሜኑን ነበረ። እትዬ ሸዋርካብሽ «ዝናሙን በወቅቱ ያውርድልን!» ሲሉ ጤፍ ያከማቹት የተቀመጡበት ጥግ ጭጭ አለ፤ በማግስቱ ጤፍ ተሰቀለ። ከኋላ አንዱ ተነሥቶ፣

«እትዬ፣ እስቲ ስለ ብረት ደግሞ አንድ ይበሉልን!» አላቸው።

«ስለ ብረት ምን ልበል፣ ልጄ?»

«ያርክስልን ይበሉ።»

«ያርክስልን!» አሉ፣ በየዋህነት። ብረት ነጋዴዎቹ ጫማቸውን መመልከት ጀመሩ።

በሌላ አገር ለዚህ ሥራ ትልቅ ሕንፃ፣ ደወልና ክራቫት ያሠሩ ሰዎች ያስፈልጋሉ። ለጎጃም በረንዳ አንዲት ባልቴት በቃቻት። ወዲያውም እንደ ማንኛውም ገበያ ማጭበርበር ገባበት፦ ሸጦ የጨረሰው ገና ያልሸጠ ለመምሰል ዝም ይላል፤ ሊገዛ ያሰበው ዋጋው እንዲወርድለት ሰላምን አብዝቶ ይመኛል። የጠሃና የፍስሐ ምክርም ይኸው ነበር። በመጋቢት ስብሰባ አንድ ጊዜ ዝም ይላሉ፤ ጀሪካን አንድ ጊዜ ይጨምራል፤ ሰኞ ይሸጣሉ። የሎዛ ገንዘብ ተመልሶ፣ በትርፉ የቤቱ መሠረት ይወጣል።

የስብሰባው ዋዜማ ቅዳሜ፣ የሱቁ ስልክ ጮኸ። ሎዛ ናት።

«አባዬ፣ መስኮቱን ሁሉ በፕላስተር አሽገነዋል። መርዝ ጋዝ ይመጣል ይላሉ። ማዳም ልጆቿን ይዛ ጂዳ ሄደች። ፓስፖርቴን ሰጥታኛለች፤ ግን ቤት ጠብቂ ብላ ብቻዬን ትታኝ ነው የሄደችው።»

«አይዞሽ ልጄ፣ አይዞሽ። ውሃ አለሽ?»

«ውሃማ በጀሪካን ሞልቼ ደርድሬያለሁ። ጀሪካን እንኳ ከየሱቁ ጠፍቷል።»

«በስንት ገባላችሁ?» አለ ፍስሐ።

ጥያቄውን የሰማው ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው፤ ሌላ ሰው የጠየቀው መስሎት ዘወር ብሎ ሊያይም ቃጥቶት ነበር። ሚስቱ ወሰንየለሽ ከጎኑ ቆማ ነበረና ስልኩን ከእጁ ወስዳ ልጅቱን አጽናናች፤ መስመሩ እስኪቋረጥም አወራቻት። ከዚያ እጀታውን ቀስ አድርጋ አስቀመጠች።

«በስንት ገባላችሁ?» አለችው፣ በራሱ ድምፅ።



እሑድ የእድሩ ድንኳን እስከ ደጃፉ ሞላ። ከፍስሐ የበለጠ ጀሪካን ያለው እንደሌለ ሁሉም ያውቃል፤ ስለዚህ አይኖች ሁሉ ከንፈሩ ላይ ናቸው። ጠሃ ከጎኑ ተቀምጦ በክርኑ ጎሸም አደረገው። እትዬ ሸዋርካብሽ ተነሡ። ደጅን መረቁ፣ ልጅን መረቁ፣ ዝናምን መረቁ። ቀጠሉና፣

«ሰላም ያውርድ!» አሉ።

ሁሉም አሜኑን ይዞ ፍስሐን ጠበቀ። ፍስሐ መጋዘኑን ሊያስብ ሞከረ። የታየው ግን በፕላስተር የታሸገ መስኮት ነበር፤ ከመስኮቱ ኋላ ደግሞ አንዲት ልጅ።

«አሜን!»

ድምፁ እንደ እድሩ ጡሩንባ ጎልቶ ወጣ። ብቻውን ወጣ። ቀጥሎ አንዱ ከኋላ «ሸጧል!» ብሎ አንሾካሾከ፤ ሹክሹክታው ድንኳኑን ዞሮ ሳይጨርስ ፕላስቲክ ያለው ሁሉ መውጫውን መፈለግ ጀመረ። የሌለው «አሜን፣ አሜን» እያለ ይጮኻል፤ ያለውም የሌለው ለመምሰል አብሮ ይጮኻል። እድሩ ከተቋቋመ ጀምሮ ሰላም እንደዚያ ቀን ተለምኖ አያውቅም። እትዬ ሸዋርካብሽ እንባቸው መጣ። «ምን ያለ ደግ ሕዝብ ነው!» አሉ፣ ድንኳኑ ባዶ ሲሆን እያዩ።

በሰንበት የማይከፈቱ ሱቆች በራቸውን ገርበብ አደረጉ። ጀሪካን መንገዱን ሞላው፤ ተሸካሚ እንኳ በባዶ ጀሪካን ጀርባው ጎብጦ ገዢ ሲፈልግ ዋለ። ሲመሽ ዋጋው ፍስሐ ከገዛበትም ወርዶ ነበር።

ጠሃ እየነደደ መጣ። «አንተ ሰውዬ! ባግዳድን ማንም ሳይነካት ጎጃም በረንዳን አፈረስካት!»

«ልጄ እኮ እዚያ ናት፣ ጠሃ።»

«ታዲያ ልጅህ እንደምታሳስብህ ቀደም ብለህ አትነግረኝም? ቅዳሜ እሸጥ ነበር!»

ሰኞ ፍስሐ በተባለው ዋጋ ሁሉንም ሸጠ። ከኪሳራው የተረፈው ለቤት መሠረት የሚበቃ አልነበረም፤ ለአውሮፕላን ትኬት ግን በቃ። ቆርጦ ላከላት። ሐሙስ ጦርነቱ ተጀመረ፤ ሬዲዮውም ነዳጅ መርከሱን ተናገረ። ጎጃም በረንዳ ይህን ሲሰማ የፍስሐን አሜን እንደ ትንቢት ቆጠረው። ከዚያች ቀን ጀምሮ ማልደው የሚሳለሙት ሰዎች በዙ፤ ደህና አደርክ ሲሉትም እንዴት እንዳደረ ሳይሆን ምን ሊል እንደሆነ ነበር የሚያደምጡት።

አርብ ስልኩ ጮኸ። ፍስሐ አነሣው፣ አዳመጠ፣ አይኑን ጠረገ። ጠሃ ባንኮኒው ላይ ተደግፎ እስኪዘጋ ጠበቀ።

«ምን አለች?»

«ደህና ናት። ትኬቱ ደርሷታል። ማክሰኞ ትገባለች።»

«አልሐምዱሊላህ!» አለ ጠሃ። ከልቡ ነበር፤ ፍስሐን ስቦ ትከሻውን ሳመው። እቅፉን ሳይፈታ ግን ፊቱ ተለወጠ። «ልትመጣ ነው ማለት… ጦርነቱ ሊረዝም ነው ማለት ነው?»

«ልትመጣ ነው ማለት ልትመጣ ነው ማለት ነው።»

ጠሃ መልሱን አኝኮ አኝኮ ሊውጠው አልቻለም። ወጣ። በር ላይ ቆመው ለሚጠብቁት ነጋዴዎች ሲናገር ፍስሐና ወሰንየለሽ ሰሙት፦ «ደብቆኛል። የሆነ ነገር አለ።»

ከሰዓት በኋላ ጀሪካን ጨመረ።