ከቲሙ ጋ

ትልልቆቹ የቅርጫት ኳስ ቡድኖች ወጣቶችን በስም እየጠሩ በሚመርጡበት ምሽት፣ ሸፊቃና ልጇ ኢርፋን አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለው ቤታቸው ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጠው ጠበቁ። ስሙን የጠራ ግን አልነበረም። «በቃ ልጄ፣ ሪዝቅህ፣ እንጀራህ፣ ሌላ ጋ ነው» አለችው። እሱ ግን በማግስቱ ፈጅር ሰግዶ፣ አሌክሳንድሪያ ወዳለው ጂም ነዳ። በሚቀጥለውም ቀን እንዲሁ። ልፋ ያለው በሕልሙ ዳውላ ይሸከማል ብላ ትስቅበት ነበር፤ ሶፋው ላይ በላብ እንደራሰ ተዘርሮ ስታገኘው ግን አንጀቷን በላው። መሳቋን ተወች።

መስከረም ላይ አንድ ቡድን ለሙከራ ጠራው። ጥቂቶች ይቀራሉ፤ ሌሎቹ ይሰናበታሉ። ሸፊቃ አረጋውያን መጦሪያው ውስጥ ሥራ ላይ ሳለች ስልኳ ጮኸ።

«ማሚ፣ ዌቭ አደረጉኝ» አላት ድምፁ እየተቆራረጠ።

ይህን ቃል ሸፊቃ አሳምራ ታውቀዋለች። እናቷ ዜግነት ሲወስዱ በዕድሜያቸው ምክንያት የእንግሊዝኛው ፈተና «ዌቭ ተደርጎላቸው» አልፈዋል። ልጇም እንግዲህ ያለፈተና አለፈ! ድምፁ የተቆራረጠው በደስታ መሰላት። ወዲያው ለጎረቤቷ ለዛኪያ ደወለች፤ ዛኪያም እንግሊዝኛዋ ከሸፊቃ የተቀዳ ነውና እልል አለች።

ኢርፋን ሻንጣውን አንግቶ ቤት ሲገባ፣ ሳሎኑ በሰው ሞልቶ ሩዝና ሥጋ ቀርቦ ጠበቀው። ሽማግሌው ሀጂ ሙደሲር ከላንግሊ ፓርክ መጥተው እጃቸውን ለዱዓ ዘርግተዋል። «አላህ ቦታህን ያጽናልህ!» ቤቱ በሙሉ «አሚን!» አለ።

ኢርፋን እናቱን ወደ ኪችን ጎተታት። «ማሚ፣ ዋይ አር ዜይ ሂር?»

«ዌቭ ስላደረጉህ ነዋ!»

«ማሚ... ዌቭ ማለት አባረሩኝ ማለት ነው።»

ሸፊቃ ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ልጇ የተባረረበትን ቀን ደግሳ አከበረችለት! ወጥታ ለሀጂ እያለቀሰች ነገረቻቸው። እሳቸው አንገታቸውን ነቅነቅ አደረጉ።

«ታዲያ ምን ያስለቅስሻል? ዱዓው ወጥቷል፤ አይመለስም። ልጁ ይድረስበት።»

ኢርፋን እንደገና ወደ አሌክሳንድሪያ መንዳት ጀመረ። ጉልበቱ ሲያብጥ ሸፊቃ በረዶ ታስርለታለች፤ ሰው «ልጅሽ እንዴት ሆነ?» ሲላት ወሬ ታስለውጣለች። ብርዱ ሲገባ ያው ቡድን ሁለት ተጫዋቾች ተጎዱበትና ዳግመኛ ለሙከራ ጠራው። ሸፊቃ ሻንጣውን ይዛ በር ላይ አስማለችው፦ «የሆነውን ሁሉ በአማርኛ ንገረኝ። ሁለተኛ በእንግሊዝኛ አልዋረድም።»

ውሳኔው በሚታወቅበት ቀን፣ የአንዲት አሮጊት አልጋ እያነጠፈች ሳለ ደወለ። አማርኛውን ሲያፈላልግ ትንፋሹ ይሰማታል።

«ማሚ፣ ከቲሙ ቀረሁ።»

ያነጠፈችው አልጋ ላይ ተቀመጠች። አሁን ግን ልጇን ብቻውን አታስለቅሰውም።

«አብሽር የኔ አባት። ና ቤትህ። የምትወደውን እሠራልሃለሁ፤ ማንንም አልጠራም።»

«ኖ፣ ኖ! ማሚ፣ ኪፕ አደረጉኝ!»

«በአማርኛ አላልኩህም?»

«ከቲሙ... ጋ» አላት። «ከቲሙ ጋ ቀረሁ።»

ለካ የጎደለችው «ጋ» ብቻ ነበረች። ሸፊቃ ግን አንዴ ተታልላለችና አላመነችም።

«ቤት አትመጣም ማለት ነው?»

«አልመጣም። ነገ ጌም አለን።»

«ወላሂ በል!»

«ወላሂ አልመጣም፣ ማሚ» አላት፤ እሱም እያለቀሰ ነበር።

እልልታዋ ኮሪደሩን ሞላው። ነርሷ ምን መጣ ብላ እየሮጠች ገባች። ሸፊቃ እንባዋ እየወረደ በእንግሊዝኛ ነገረቻት፦ «ማይ ሰን! ሂ ኢዝ ኖት ካሚንግ ሆም!»

ነርሷ በድንጋጤ አፏን ያዘች። «አይ አም ሶ ሶሪ» ብላ ደረቷ ላይ አጥብቃ አቀፈቻት። ሸፊቃም ለማስረዳት አልሞከረች፤ እየሳቀች ታቀፈችላት።