ለላቀው የተለበሰ ከል

የላቀው መርዶ የመጣ ለት ማንአለሽ ፊቷን ቧጨረች፣ ጠጉሯን ተላጨች፣ ነጭ ቀሚሷን ጥቁር ጭቃ ውስጥ ነክራ ከል አደረገችው። ባል የሞተባት ሴት ወጉ ይኸው ነው። ባሏን ለብሔራዊ ውትድርና አፍሰው ከወሰዱት ዓመትም አልሞላው። ጦር ግንባር ወደቀ ብለው ያረዷት የገዛ እናቱ፣ እመት ተዋበች ናቸው። ለቅሶው ላይ መሬት እንዳትፈጠፈጥ ሰው ይዟት ነበር። የገበሬ ማህበሩ ሊቀመንበር ሳይቀር መጥቶ አያትና አንገቱን ደፍቶ ሄደ።

ክረምት አልፎ ክረምት መጣ። ከሉ ትከሻዋ ላይ ነተበ፤ አላወለቀችውም። ሰርግ አትሄድ፣ ቅቤ አትቀባ። ጠጉሯ ብቅ ባለ ቁጥር ትላጨዋለች። ይብቃሽ የሚሏት ጎረቤቶች ሰለቹ። አማቷም ከል ለብሰው፣ ጥቁር ሻሽ እስከ ቅንድባቸው ጠፍረው ነው የሚውሉት።

አንድ ቀን እመት ተዋበች ንዳድ ያዛቸውና ተዘረሩ። ማንአለሽ ራሳቸውን በውሃ ላቀዝቅዝ ብላ ሻሹን ፈታች። ከስሩ ሹሩባ ነው። ወፍራም፣ ቅቤ የጠገበ ሹሩባ።

ሳይላጩ ቢቀሩ ሕመም ነው፣ እርጅና ነው ትል ነበር። ሹሩባ ግን ሰው ጠርቶ፣ ተቀምጦ ነው የሚሠራ። የሠራቻቸውም የላቀው እህት ፋንቱ እንጂ ሌላ ማን ትሆናለች። ቤቱ ሁሉ ያውቃል ማለት ነው።

ንዳዱ እስኪለቃቸው ጠበቀች።

«እመት፣ ላቀው የት ነው ያለ?»

አሮጊቷ በዳበሳ ሻሹን ፈለጉ። አጡት።

«ወገዳ። አጎቱ ዘንድ።»

ከጦሩ ጠፍቶ መምጣቱን፣ ቢያዝ እንደሚረሽኑት፣ ሞተ ከተባለ ግን ፈላጊ እንደሌለው ነገሯት።

«ለኔ መንገር ምን ነበረበት?»

«ብታውቂ እንዲያ ታለቅሺ ኖሯል? ሊቀመንበሩ ያመነ አንቺን አይቶ ነው።»

«እርስዎስ ምነው አልተላጩ?»

«በቁሙ ላለ ልጄ? ሟርት ይሆንበታል እንጂ።»

«ለሷ አትንገሯት ያለ ማነው?»

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። «እሱ ራሱ ነው» አሉ።

ማንአለሽ አላለቀሰችም። እንባዋን ጨርሳዋለች። በማግስቱ ቤተ ልሔም ደብር ወርዳ ለነፍስ አባቷ ሐዘኑ በቃኝ፣ ከሌን አስወልቁኝ አለቻቸው። ደስ አላቸው። ከል የሚያስወልቅ የሟች ወገን ነውና ለእሁድ ዘመድ ተጠራ፣ ሽማግሌ ተጠራ። ሊቀመንበሩም መጣ።

እመት ተዋበች ነጭ ቀሚስ ታቅፈው መሀል ቆሙ። ካስወለቋት የፈለገችውን ታገባለች። እምቢ ካሉ ሰው ምነው ይላል። ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብለው ትንሽ ቆዪልኝ ብለው ለመኗት።

«ያስወልቁኝ እንጂ፣ እመት» አለች ጮክ ብላ። «የሞተ ሰው አይመለስ።»

አስወለቋት። ነጩን አለበሷት። ሽማግሌዎቹ ተነስተው መረቁ፤ ሟቹን ነፍስ ይማር፣ ላንቺም ደህና ባል ይስጥሽ፣ ጎጆሽ ይሙቅ አሉ።

«አሜን» አለች ማንአለሽ።

ሰው ሁሉ አሜን አለ። ሊቀመንበሩ ወደ እናትየው ዞሮ ጠበቀ።

«አሜን» አሉ እመት ተዋበች።