ባለረጅም እግሯ ጣውንቴ

ባሌ ሌላ ሴት ይዞብኝ የመጣው ሰኞ ቀን ነው። ሰኞ የፓስተር የዕረፍት ቀን ነው ይባላል። እኛ ቤት ግን እንዲህ ያለ ሰኞ መጥቶ አያውቅም፤ ሰኞም ሰው ይታመማል፣ ሰኞም ሰው ይሞታል፣ ሰኞም አንዷ ከምራቷ ተጣልታ በራችንን ታንኳኳለች። ያን ዕለት ግን ኤምሪስ "ፖርትኮል ወርደን ባሕሩን እናያለን" ብሎ ቃል ገብቶልኝ ስለነበር ኮቴን ለብሼ፣ ሳንድዊቼን ጠቅልዬ መስኮቱ ሥር ተቀምጬ ነበር። "ለአንድ በሽተኛ ጸልዬ መጣሁ" ብሎ የወጣ ሰው ከሰዓት በኋላ ተመልሶ የመኪናውን የኋላ በር ሲከፍት መጀመሪያ የወጣው እግር ነው። ከዚያ ሌላ እግር። እግሩ አያልቅም። በመጨረሻ ፊቷ የጠበበ፣ ወገቧ የቀጠነ ግራጫ ውሻ አስፋልቱ ላይ ቆማ እየተንቀጠቀጠች አየችኝ።

"ኔስታ፣ ይቺ ጡረታ የወጣች የእሽቅድምድም ውሻ ናት" አለኝ። "ከበሽተኛው ቤት አጠገብ እንደሷ ያሉትን የሚያስጠጉበት ግቢ አለ። ዝም ብዬ ላያቸው ነበር የገባሁት።"

"ፖርትኮልስ?"

"እ?" አለ። ረስቶታል።

የሩጫ ውሾች ዕድሜያቸውን በጉረኖና በሜዳ ስለሚጨርሱ ደረጃ አያውቁም። የእኔ እመቤት ደረጃው ሥር ቆማ አልቅሳ ስታስቸግር ኤምሪስ አቅፎ አወጣት። በተጋባን ሰሞን ደጃፉ ላይ ቆሜ "ተሸክመህ አስገባኝ" ስለው "ወገቤን!" ያለኝ ሰውዬ እኮ ነው። በማግስቱ ደግሞ እግሮቿን ተራ በተራ እያነሳ ደረጃው ላይ ሲያስቀምጥላት፣ "ጎበዝ! የኔ ጎበዝ!" ሲላት ዋለ። ደሜ ፈላ። እኔን በዚህ ቤት "ጎበዝ" ያለኝ ሰው የለም።

ሜዳ ላይ ስሟ የመብረቅ እመቤት ነበር አሉ። እሱ ሴረን ብሎ አወጣላት፤ በቋንቋችን ኮከብ ማለት ነው። በእጮኝነታችን ጊዜ እኔን የሚጠራኝ በዚህ ስም ነበር። ይህንንም ረስቶት ይሁን ወይም ስሙ ሥራ ፈቶ ከሚቀመጥ ብሎ እንጃ፣ አልጠየቅሁትም። እሳቱ አጠገብ ያለውን የእኔን ወንበርም የወሰደችው በዚያው ሳምንት ነው።

እሁድ ጸሎት ቤት ይዟት መጣ። በእኛ ሸለቆ ግማሹ ሰው ጆንስ፣ ግማሹ ዴቪስ ስለሆነ ሰው የሚጠራው በሥራው ነው። ወተት ሲያድል የኖረው ሽማግሌያችን ዛሬም ግዊሊም ወተት ነው፣ እኔ ደግሞ ወይዘሮ ፓስተር ነኝ። ኔስታ የሚባል ስም እንዳለኝ የሚያውቅ ከኤምሪስ ሌላ ያለ አይመስለኝም። ግዊሊም ገና በሩ ላይ ሳለሁ ጀመረኝ።

"ወይዘሮ ፓስተር! ፓስተራችን ቀጠን ያለች አስገቡብዎት አሉ!"

"አስገባ። ጡረታም አላት፤ እንዳንተ ሰው ቤት ሻይ አትለምንም።"

"እግሯ እስከ አንገቷ ነው አሉ። ታዲያ አይቀኑም?"

"የአንተ ምላስ እንደ ወተትህ ነው፣ ግዊሊም። ዘግይቶ ይመጣል፣ ኮምጥጦም ይመጣል።"

በሩ ላይ የቆሙት ሁሉ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ውስጤ ግን እርር አለ። ጣውንት ያላት ሴት ቢያንስ አልቅሳ ሽማግሌ ትሰበስባለች፤ በውሻ የምትቀና የፓስተር ሚስት ግን ለማን ትናገራለች?

እነዚህ ውሾች ሰው ሲወዱ አይዘሉም፣ አይልሱም፤ ይደገፋሉ። ቆመው መላ ክብደታቸውን ጭንህ ላይ ጥለው ዝም ይላሉ። ሴረን ከስብከት በኋላ በር ላይ ቆማ ሁሉንም አንድ በአንድ ተደገፈች። ዓመቱን ሙሉ ከማንም ጋር የማይነጋገረው ሰው ሳይቀር አጎንብሶ ጆሮዋን አሸ። ኦርጋን የምትመታልን ኦልወን ቀይ የሱፍ ኮት ሠርታ አመጣችላት። ለእኔ አንድ ካልሲ ሠርታልኝ አታውቅም። ስብከቱ ሲሰበክ ደግሞ አትሮንሱ ሥር ተጋድማ ዓይኗን ገልጣ ትተኛለች፤ ዘሯ እንዲህ ነው የሚተኛው። ኤምሪስ ግን "ከሁሉም አጥብቃ የምታዳምጠኝ እሷ ናት" ይላል።

ይህን ሁሉ እችለው ነበር። ያልቻልኩት ወሬውን ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ባሌ ከስልክ ወይ ከሰው ቤት ፊቱ አመድ መስሎ ሲመለስ "ምን ሆነ?" እለዋለሁ፤ "የሰው ምስጢር ነው፣ ኔስታ" ይለኛል። እውነቱን ነው፣ ምስጢር ነው። እየቆየ ግን የራሱም ነገር ምስጢር ሆነ፤ ደከመኝ ማለት፣ ፈራሁ ማለት እንኳ ቀረ። በዚህ ሸለቆ ሁሉም ሰው የሚያዳምጠው ፓስተር አለው። ፓስተር የሌላት የፓስተር ሚስት ብቻ ናት። ውሻዋ ከመጣች ወዲህ ግን ወጥ ቤት ገብቶ በሩን ገርበብ ያደርግና ሲያወራት እሰማለሁ። ስገባ ዝም ይላል።

"ምንድነው የምትነግራት?"

"ምንም። ስብከት እየተለማመድኩ ነው።"

ቅናት አንጀቴን በላው። ደግነቱ የውሾቹ ግቢ ሴትዮ ወይዘሪት ቢቨን ሐሙስ ልትመጣ ቀጠሮ ይዛ ነበር፤ ውሻዋ ለዘለቄታው የምትሰጠው ባልና ሚስት ሁለቱም ሲስማሙ ብቻ ነው። እኔም እንቢታዬን አዘጋጀሁ። ፀጉሯ ያስነጥሰኛል እላለሁ፣ አለቀ።

ሐሙስ ጠዋት ልብስ ማጠቢያው ክፍል ሆኜ አንሶላ አጥፋለሁ። ኤምሪስ ከመስኮቱ ሥር፣ ጓሮው ውስጥ፣ ለእንግዳዋ እንድታምር ሴረንን ያበጥራል። ድምፁን ሰማሁ።

"አንቺስ እንዴት ቻልሽው?" ይላታል። "ማቆሙን ማለቴ ነው። በሩ ሲከፈት ሌሎቹ ሮጠው አንቺ ቆመሽ ቀረሽ? ወይስ ሰው መጥቶ በቃሽ አለሽ?"

አንሶላው እጄ ላይ ቀረ።

"እኔን በቃህ የሚለኝ የለም። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እሱ አይደለም የሰለቸኝ፤ የራሴ ድምፅ ነው። ባለፈው እሁድ የድሮ ስብከት አንስቼ አነበብኩላቸው። አንድ ሰው አላወቀም። በጸደይ ላቁም ብያለሁ። ግን ለኔስታ እንዴት ብዬ ልንገራት? እሷ ያገባችው ፓስተር ነው። አትሮንሱን ሲወስዱብኝ ምን ይተርፈኛል? ጉልበቱን የሚያመው ሽማግሌ። ከዚህስ ጋር ምን ልትሠራ?"

እስከዚያች ሰዓት ቅናትን የማውቃት መስሎኝ ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ፤ የገዛ ቤቴን ነገር ከውሻ ኋላ ሰማሁ። ደግሞስ የምን ፓስተር ነው የሚለው? እኔ ያገባሁት ብረታ ብረት ሱቅ ውስጥ ሚስማር የሚመዝን፣ ጣቱ ዝገት ዝገት የሚል ልጅ ነው። ፓስተርነቱ በኋላ የመጣብኝ ነገር ነው።

ወይዘሪት ቢቨን መጣች፣ ሻይዋን ጠጣች፣ ሴረን ተደገፈቻት። ማንን ነው የማትደገፈው!

"ፓስተር፣ የእርስዎ መቼም ግልጽ ነው" አለች እየሳቀች። ወደ እኔ ዞረች። "ወይዘሮ ፕሮበርት፣ እርስዎስ ምን ይላሉ? ካልፈለጉ ዛሬውኑ ይዣት እሄዳለሁ፤ ማንም አይቀየምዎትም።"

ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይባላል፤ ወይዘሪት ቢቨን ግን ማጭዱን ከነእጀታው አቀበለችኝ። ኤምሪስን አየሁት። እጁ ውሻዋ አንገት ላይ ነው፣ ዓይኑ ምንጣፉ ላይ። እንቢ እንደምል ያውቃል። አንዲት ቃል ሊለምነኝም አልደፈረም፤ ለሰው ሁሉ ሲለምን የኖረ ሰው ለራሱ መለመን አይችልበትም።

"ትቆይ" አልኩ።

"ደስ ብሎዎት ነው?"

"ደስ ብሎኝማ አይደለም። የእኔን ነገር ይዛብኝ የትም እንድትሄድ ስለማልፈልግ ነው።"

ወይዘሪት ቢቨን አልገባትም፤ ሳቅ ብላ አመስግና ሄደች። ኤምሪስ ግን የያዘው ኩባያ አፉ ጋ ሳይደርስ ቆመ። በሩ እስኪዘጋ ጠበቀ።

"ሰማሽኝ?"

"መስኮቱ ክፍት ነበር።"

"ኔስታ፣ የእሁዱ ስብከት..."

"የጠፋችው በግ። ኦልወን እህቷን በቀበረች ዓመት የሰበክኸው ነው። ያኔ ይሻል ነበር፤ መሃሉ ላይ ቀልድ ነበረው።"

"አውቀሽ ነበር? ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"

"የሰው ምስጢር ነዋ።"

ፊቱ ቀላ። ልስቅ ነበር፣ ግን እንባዬ ቀደመኝና ተናደድኩ።

"ደግሞ እኔ ፓስተር አላገባሁም" አልኩት። "ሚስማር የሚመዝን ልጅ ነው ያገባሁት። እሱን ነው ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለሰው ያዋስኩት። ሲመልሱልኝ ለውሻ የምሰጠው መስሎሃል?"

ይህን ስለው ስልኩ ጮኸ። በእኛ ቤት ስልክ ሲጮህ እሱ ሹካውንም፣ ወሬውንም፣ እኔንም ጥሎ ነው የሚነሳው። አሁንም እግሩ በልማድ ግማሽ ተነሳ። ከዚያ ተመልሶ ተቀመጠ።

"ሴረን" አለ።

ውሻዋ ከወንበሬ ላይ ቀና አለች። እሱ የሚያየው ግን እኔን ነበር።

"ሴረን፣ ላንሳው?"

የእጮኝነት ስሜን አልረሳም ነበር ማለት ነው። ስልኩ ይጮሃል። እኔም አንሶላ ሳጥፍ የዋለውን እጄን ቀሚሴ ላይ ጠርጌ ከፊቱ ተቀመጥኩ።

"ይጩህ" አልኩት። "አንተ አሁን ለእሷ የነገርካትን ሁሉ ከመጀመሪያው ጀምረህ ትነግረኛለህ። አንዲት ቃል እንዳታስቀር።"