የተብለጽ መርዶ

«ጥቁሩን አውልቂው፣ እህቴ፤ መድረሻዋ ነው» አለች ዘሀራ፣ ከሱቋ ያመጣችውን ባለአበባ ቀሚስ ለለተንኪኤል እያቀበለች።

የለተንኪኤል ባል የፕሮፌሰር ዘርእዝጊ የመቃብር አፈር ገና አልደረቀም። እህቱ ተብለጽ ግን መሞቱን አታውቅም። መታመሙን ሰምታ፣ ደርግ የመውጫ ቪዛ እስኪሰጣት ስትመላለስ ከርማ፣ ዛሬ ከአዲስ አበባ ናይሮቢ ትገባለች። መርዶ ደግሞ መንገደኛ ገና ሻንጣውን ሳያወርድ አይነገርም፤ አሳድረው፣ ጎህ ሲቀድ፣ ሰው ተሰብስቦ ነው። ስለዚህ የሐዘን ፍራሹ ተጠቀለለ፤ የኢስትሊ ሰፈር ለቀስተኛ ሁሉ ጎን ወዳለው የዘሀራ ቤት ተጋዘ። እዚያ እንደ ማታቱ ሚኒባስ ተሳፋሪ ተጠቅጥቆ ይንሾካሾካል፤ ዘሀራም ግድግዳውን በቡጢ እየመታች ጸጥ ታሰኘዋለች።

ለተንኪኤል መቀመጥ አቃታት። መጋረጃውን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋች። ይህ ቤት ውሸት አልለመደም። አንድ ጊዜ ወሬኛ እንግዳ ሲያንኳኳ «የለም» ብላ ብትመልሰው፣ ባሏ ከጓዳ «አለሁ፣ ፈተና እያረምኩ ነው» ብሎ ጮኸ። እንግዳው አምሽቶ ሄደ። በማግስቱ ደግሞ ባሏ ንስሐ ግቢ ብሎ ቤተ ክርስቲያን ይዟት ሄደ። ቅዳሴ ሳያስቀድስ ኮሌጅ ገብቶ የማያውቅ ካቶሊክ ነበር። መቁጠሪያውን እንደያዘ ሲሳፈር የማታቱ ረዳቶች «ፋዘር» ይሉታል፤ እሱም ባለትዳር መሆኑን ለማስረዳት መውረጃውን ያልፋል።

ተብለጽ ገባች። ወንድሟን ስትጠይቅ ዘሀራ ቀደመችና ሆስፒታል እንደተኛ፣ ጠያቂ የሚገባውም ጠዋት እንደሆነ ነገረቻት።

ተብለጽ ለተንኪኤልን ከላይ እስከ ታች አየቻት። «እንዲህ ካማረብሽማ ተሽሎታል ማለት ነው።»

ለተንኪኤል ዞር ብላ ቀድሞ የተስተካከለውን ትራስ አስተካከለች።

ተብለጽ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ መቁጠሪያ አወጣች። «እስከ ጠዋት ዝም ብለን አንጠብቅም። እንዲድንልን እንጸልይ። አንቺ ጀምሪ።»

ዘሀራ በዓይኗ «ጀምሪ» አለቻት። ለተንኪኤል ተንበረከከች። ሰውን ለአንድ ሌሊት መዋሸት ይቻላል ብላ ራሷን አሳምና ነበር። የቀበረችውን ሰው አድንልኝ ብሎ እግዚአብሔርን መለመን ግን ከአፏ አልወጣም።

«ጌታ ሆይ» አለች በመጨረሻ፣ «የዘለዓለም ዕረፍት ስጠው።»

ዘሀራ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች።

ተብለጽ አልጮኸችም። «ብርሃንህንም…» ብላ የሙታን ጸሎቱን መመለስ ጀመረችና ሳትጨርሰው ተወችው። ከሶፋው ወርዳ እንደ ሐዘንተኛ ባዶው ሲሚንቶ ላይ ተቀመጠች፤ የጫማዋን ማሰሪያ መፍታት ያዘች። ቋጠሮው አልፈታ ሲላት፣ ለተንኪኤል ጎንበስ ብላ ፈታችላት።