በገለፈት የተቀበረው መኪና

ጠዋት ተነሥቼ መጀመሪያ የምሠራው ደጃፌ ላይ ያደረውን ገለፈት መጥረግ ነው። ቤቴ ከሐጂ መሐመድዘይን የሩዝ መፈልፈያ ጋር በግድግዳ ይገናኛል። ማሽኑ ከሩዙ ላይ የሚገፍፈው ቅርፊት ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ወደ እኔ ይመጣል። ያን ቀንም ጠረግሁ፣ ሻይ አፈላሁ፣ የትናንቱን ዳቦ በላሁ፣ ነጠላዬን ለበስሁ። ተማሪ ለመመዝገብ ወደ ትምህርት ቤት ልሄድ ነበር። ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። መስከረም ገብቷል፤ የርብ ወንዝ ውኃ ግን ገና ከሜዳው አልወጣም።

በሩን ስከፍት መንገዱ በሰው ተሞልቷል። አንድ አይሱዙ የሐጂን አዲስ መኪና ጭኖ ቆሟል። ከበሮቹ ሥር ጭቃ ይንጠባጠባል።

መኪናው በኤሌክትሪክ የሚሄድ ነው። ባሕሩን በመርከብ፣ ከጅቡቲ ወዲህ ያለውን በጭነት መኪና መጥቶ ወረታ ሲገባ ሐጂ በግ አርዷል። ከዚያ በኋላ ሥራው ማደያው አጠገብ ሲደርስ ቀስ ማለት ነበር፤ ለቤንዚን የተሰለፈው ሰው ሁሉ እስኪያየው ድረስ። ሐሙስ ዕለት ይፋግ ለሠርግ ሄዶ ሲመለስ ገበሬዎች መንገዱን ውኃ እንደበላው ነግረውት ነበር። ውቅያኖስ የተሻገረ መኪና ርብን አይፈራም ብሎ ገባበት። ውቅያኖሱን የተሻገረው መርከብ ላይ ተቀምጦ መሆኑን ያስታወሰው ሰው አልነበረም። መኪናው እስከ ወንበሩ ውኃ ውስጥ ሁለት ሌሊት አደረ። በመጨረሻ ጎትተው ያወጡት አራት ጥማድ በሬዎች ናቸው፤ እነርሱም ቻርጅ አልጠየቁም።

አሁን ጥያቄው እንዴት ይድናል የሚለው ነበር። ደረሰ የሚባለው ስልክ ጠጋኝ የመኪናውን መከለያ ከፍቶ ካየ በኋላ ይህ ከአዲስ አበባ ሰው ይፈልጋል አለ። ከአዲስ አበባ ሰው እስኪመጣ ማን ይጠብቃል? የመፈልፈያው አለቃ አያ ካሴ ግን ከወንበሩ ሳይነሣ ፈረደ። አያ ካሴ አንዲት ፍሬ ሩዝ በጥርሱ ነክሶ ስንት ቀን ፀሐይ እንደቀራት የሚናገር ሰው ነው። በሩዝ ነገር ተሳስቶ አያውቅም። ችግሩም እሱ ነው።

ፎገራ ውስጥ ስልኩን ማሳ ላይ ውኃ ያልበላበት ሰው የለም። መድኃኒቱን ሕፃንም ያውቀዋል፦ ስልኩን ጆንያ ሩዝ ውስጥ ቀብሮ ሁለት ቀን መተው ነው። አያ ካሴ ሒሳቡን ወደ መኪና አሳደገው። ሩዙ ይወደዳል፤ ገለፈቱ ግን መጋዘን ሙሉ ተከምሯል፤ ውኃ የሚጠጣውም ከሩዙ ይልቅ እሱ ነው። ሰዎች ተሰብስበው መኪናውን ከአይሱዙው አውርደው ወደ ገለፈቱ መጋዘን ገፉት። እስከ መስኮቱ ቀበሩት። መጋዘኑ ከእኔ ዕቃ ቤት ጋር የሚጋራው አንድ ግድግዳ ነው።

ያኔ ዝም ማለት አልቻልሁም።

«አያ ካሴ፣ ባትሪው ውኃ ከገባበት በውስጡ ይበላሻል» አልሁ። «ዛሬ ባይነድ ከሳምንት በኋላ ሊነድ ይችላል። ሜዳ ላይ ብቻውን ይቁም። አጠገቡ ምንም አይኑር።»

«መምህርት፣ ትምህርት የሚጀመረው ሰኞ ነው» አለ ደረሰ። ሰው ሳቀ።

አያ ካሴ አልሳቀም። ያሳዘንሁት መሰለኝ። «ውኃ እሳት ያጠፋል እንጂ ያነዳል ብሎ ማን አስተማረሽ፣ ልጄ?»

ነጠላዬን አጣፍቼ ወደ ምዝገባዬ ሄድሁ።

ያስተማረኝ ባሌ እዮብ ነው። የወረታ ልጅ ነው። ባሕር ዳር ተምሮ መኪና በሚጭን መርከብ ላይ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ሆነ። ከፎገራ ሰው ታንኳ ይጠበቃል እንጂ መርከብ አይጠበቅም እያለ ይቀልድ ነበር። መኪኖቹ አሥራ ሁለት ፎቅ ላይ፣ በመካከላቸው ሰው ዘወር እንኳ በማይልበት ርቀት እንደሚደረደሩ ነገረኝ። የአንዱ ባትሪ ከነደደ ለጎረቤቱ ያቀብላል። ውኃ ሲያፈሱበት ይተኛል እንጂ አይሞትም። ለአምስት ሺህ መኪና የሰጡን ማጥፊያ ለወጥ ቤት የሚበቃ ነው ይል ነበር፣ እየሳቀ። ከሁለት ዓመት በፊት መርከቡ ነደደ። ኩባንያው ደብዳቤ ጻፈልኝ። ሦስቱ መስመር ሐዘን ነው፤ አራተኛው የእሳቱ መነሻ አልታወቀም ይላል። አምስተኛው መኪኖቹ በሙሉ ኢንሹራንስ እንደነበራቸው ይገልጻል። ይህን ለምን ለእኔ እንደነገሩኝ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

አስከሬን አልመጣም። የመጣው እሳቱ ካልደረሰበት መኝታ ክፍሉ የተሰበሰበ አንድ የብረት ሣጥን ነው። በውስጡ የሥራ ቱታው፣ በአማርኛ የጻፈበት ደብተርና የፕላስቲክ ጫማው አሉ። ቱታው አልታጠበም። ሣጥኑን ዕቃ ቤት፣ ከዚያ ግድግዳ ሥር አስቀመጥሁት። መቃብር ስለሌለው እንደ መቃብር የምቆጥረው እሱን ነበር። ለወረታ ሰው ግን እዮብ ውጭ አገር ታሞ ሞተ፣ እዚያው ተቀበረ አልሁ። ተቃጠለ ወይስ ሰጠመ ብለው እንዳይጠይቁኝ ነው። እኔም አላውቅም።

የዚያን ቀን ሣጥኑን ከግድግዳው ላርቀው አሰብሁ። ለብቻዬ አይነሣም። የሚያግዘኝ ሰው ደግሞ ምን እንዳለበት ይጠይቃል። ነገ አልሁ።

ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት አያ ካሴ እጁን እስከ ትከሻው ገለፈቱ ውስጥ ይከታል፤ ሰው ከቦ ይጠብቃል። በሦስተኛው ቀን ለብ ብሏል አለ። በአምስተኛው ሞቋል አለ። እርጥብ ሩዝ ሲከመር እንደሚግል ያውቃል፤ ስለዚህ መኪናውም ላቡን እያወጣ ነው ሲል አስረዳ። ወንዛዬ ፍል ውኃ ገብቶ የወጣ በሽተኛ ይመስላል አለ አንዱ። ሁሉም ተደሰተ። የሚነድ ነገር ሙቀቱ ሲጨምር እንዲህ የተመሰገነበት ሌላ አገር ያለ አይመስለኝም።

በስምንተኛው ቀን ሐጂ ሱቅ ሄድሁ። አክብሮ አስቀመጠኝ፣ ለስላሳ አስከፈተልኝ። ስለ ባትሪው በደንብ አስረዳሁት፤ የክፍል ተማሪ እንኳ እንዲህ አዳምጦኝ አያውቅም።

«መምህርት፣ ቃልሽን አልንቅም» አለ። «ግን ይህ ነገር የደረሰበትን አንድ ሰው ጥሪልኝ። አንድ ያየ ሰው። ዛሬውኑ ከዚያ አስወጣዋለሁ።»

የለስላሳውን ጠርሙስ አዞርሁት።

«በመጽሐፍ ነው ያነበብሁት» አልሁ።

«መጽሐፍ ሩዝ አያደርቅም» አለ በትሕትና።

በዐሥራ አንደኛው ቀን ሦስተኛውን ክፍለ ጊዜ እያስተማርሁ ሳለ በመስኮቱ ነጭ ጭስ አየሁ። ጥቁር ቢሆን ኖሮ ጎማ ነው ብዬ ትምህርቴን እቀጥል ነበር። ነጩ ግን የባትሪ ነው። ሮጥሁ። ስደርስ መጋዘኑ እንደ ማንቆርቆሪያ ያፏጫል፤ ቀጥሎ ነበልባሉ ጣሪያውን ገለበጠው። አያ ካሴ ሰው አሰልፎ በጀሪካን ውኃ ያስደፋል። እሳቱ ይተኛል፣ አያ ካሴ ግንባሩን ይጠርጋል፣ እሳቱ ይነሣል። ሦስት ጊዜ እንዲህ ሆነ። ከሌላ ከተማ የመጣው የእሳት አደጋ መኪና ውኃውን ጨርሶ ሊቀዳ ሲመለስ ለአራተኛ ጊዜ ነደደ። እዮብ እንዳለው ነው።

ሰው አልሞተም። መጋዘኑ፣ የመፈልፈያው ጣሪያና የእኔ ዕቃ ቤት ሄዱ።

የተቀረው ቤቴ ግን መንገድ ላይ ነበር። ጎረቤቶቼ እሳቱ ሳይዛመት ዕቃዬን በሙሉ አውጥተውታል። አልጋው፣ ቴሌቪዥኑ፣ የበርበሬው ጣሳ፣ የፕላስቲክ አበባው፣ ቆሞ የቀረው የግድግዳ ሰዓት፣ ገለፈት የምጠርግበት መጥረጊያ። የሐጂ ሚስት ቱርኪያ፣ ሻርፗ አመድ ለብሶ፣ ዕቃው መሐል ቆማለች። እጇ ላይ ቃጠሎ አለ።

«ሁሉንም አወጣንልሽ፣ ፀዲዬ» አለችኝ። «መጋረጃሽን እንኳ። ዕቃ ቤት ውስጥ አንድ አሮጌ የብረት ሣጥን ነበር። ከባድ ነው፣ ተቆልፏል። ቁርጥራጭ ብረት መስሎን ተውነው።»

ፊቴን አየችው።

«ምን ነበረበት?»

«የእዮብ ልብስ» አልሁ። «ታሞ አይደለም የሞተው። መኪና የጫነ መርከብ ላይ ነው፤ እሳቱም እንዲህ ያለ ነበር።»

ቱርኪያ በተቃጠለው እጇ አፏን ያዘች። ቀስ ብላ «ይህን ለሐጂ ነግረሽው ነበር?» አለችኝ።

«አልነገርሁትም።»

ከሳምንት በኋላ ሦስት ሰዎች ያሉበት አጣሪ ኮሚቴ መጣ። ሜትር ዘረጉ፣ ፎቶ አነሡ፣ አያ ካሴን ጠየቁ። መኪናው ሊደርቅ ሁለት ቀን ብቻ ቀርቶት እንደነበር መሰከረ፤ ከልቡ ነው። ኮሚቴው የእሳቱ መነሻ አልታወቀም ብሎ ጻፈ። ግልባጩ ለእኔም ደርሶኛል። ከኩባንያው ደብዳቤ ጋር አንድ ላይ አኑሬዋለሁ፤ ደብዳቤው ቁም ሣጥን ውስጥ ስለነበር ጎረቤቶቼ አትርፈውታል። ሐጂ ሌላ መኪና አዝዟል፤ አሁን ባሕር ላይ ነው። ሲመጣ የት እንደሚያቆመው እኔን መጥቶ ጠየቀኝ። በዚህ ጊዜ «በመጽሐፍ ነው ያነበብሁት» አላልሁትም።

መፈልፈያው ስላልተጠገነ ጠዋት ደጃፌ ላይ ገለፈት የለም። ዕቃ ቤቱ የለም። ቱታው፣ ደብተሩና የፕላስቲክ ጫማው የሉም።