ቱቦዋን ማን ደፈናት?

ልብስ ሰፊው ጉሮሮውን ከታመመ ወዲህ የሚመገበው ሆዱ ላይ በተተከለችለት ቀጭን ቱቦ ነው። ዛሬ ልጁ ለምሳ ከሥራ ስትመጣ ይቺው ቱቦ አላሳልፍም ብላ ድርቅ! ለብ ያለ ውሃ በሲሪንጅ ቀስ አድርጋ ገፋች፤ ንቅንቅ የለም። ሳብ አደረገች፤ ያው ነው። ምሳውስ ይቅር፤ የሚጥል በሽታው መድኃኒት በዘጠኝ ሰዓት መግባት አለበት። ካለፈ ይጥለዋል።

ንዴቷ ሁሉ አክስቷ ላይ ወረደ። ወንድሟን ልትጠብቅ የመጣችው አክስት ሆዬ ጥግ ላይ ተቀምጣ ሾርባ ትጠጣለች።

«ከዚህ ሾርባ ጨምረሽበታል አይደል?»

«እኔ? ምን በወጣኝ! የራሴ ምሳ ነው።»

«ትናንት ‹በዚህ ዱቄት ወተት ከስቶ አለቀ› ያለው ማነው ታዲያ?»

«ብያለሁ። ማለትና መጨመር አንድ ነው? ወንድሜን ልገድለው ነው የመጣሁት?»

እነሱ ሲጨቃጨቁ ልብስ ሰፊው ላስቲክ ማስገቢያ ሽቦውን ከመሳቢያ አወጣ። ዕድሜ ልኩን በሱሪ ወገብ ውስጥ ላስቲክ ሲያሾልክ የኖረ ሰው፣ ቱቦም ለሱ ያው ወገብ ናት። ጫፉን ሊከት ሲል ልጁ ዘላ ነጠቀችው።

«አባዬ! ሆድህን ልትበሳው ነው? ኧረ በፈጠራችሁ፣ ልታሳብዱኝ ነው!»

አክስት ቦርሳዋን አንስታ በሩን ድርግም አድርጋ ወጣች።

ልጅቷ አባቷን በታክሲ ጤና ጣቢያ አደረሰችው። ነርሷ ቱቦዋን በአዲስ ቀየረች፤ መድኃኒቱም በሰዓቱ ገባ። ተመስገን። ከዚያ አሮጌዋን በመቀስ ሰንጥቃ አሳየቻት። ውስጧ ነጭ ነገር ተጋግሯል።

«ሾርባ ነው አይደል ሲስተር?»

«የምን ሾርባ! ክኒን ነው። በደንብ አልደቀቀም፣ ውሃም አልተከተለው። ከመድኃኒት በፊትም በኋላም ውሃ ብዬሽ አልነበር? ጠዋት የሰጠው ማነው?»

ልጅቷ አሁን ትዝ አላት። አውቶቡሱ እንዳያመልጣት ክኒኑን በማንኪያ ጨፍለቅ አድርጋ፣ ገፍታ፣ የሮጠችው ራሷ ናት። ያን ሁሉ የጮኸችው እንግዲህ በማን ላይ ነው? አፈረች፤ በጣም አፈረች።

ኮሪደሩ ላይ ቆማ ደወለች።

«አክስቴ፣ የደፈንኳት እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ።»

አክስት ቁጣዋ ሳይበርድ፣

«ነገ ስንት ሰዓት ነው የምትወጪው?»

«አንድ ሰዓት።»

«አሥራ ሁለት ተኩል ላይ እመጣለሁ። ክኒኑን የምደቀው እኔ ነኝ፤ አንቺ እንዳትነኪው!»