በገዛ ቤቴ ዚያራ

ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ ሸህ ሷሊሕ ሲያገባኝ እንኳን መንዙማ ሊጽፍ ቀለም መያዣ ቀንድ አልነበረውም። ቀንዱን ከወንድሜ በሬ ያስቆረጥሁለት እኔ ጣይባ ነኝ። የኩራዝ ጥላሸት እየጠረግሁ፣ ከግራር ሙጫ ጋር እያሸሁ ቀለሙን የምበጠብጥለትም እኔ ነበርሁ። ከሸዋ ሮቢት እስከ አሊዩ አምባ ሰው እያለቀሰ የሚያዜመው መንዙማ ሁሉ በእኔ ቀለም የተጻፈ ነው።

ስሙ ሲገንን ሁለተኛ ሚስት ሊያገባ መሆኑን ነገረኝ። እኔ ደግሞ ቁጣዬ ከአፍንጫዬ ጫፍ አይርቅም። “ከጣውንት ጋር አንድ ግቢ አላድርም” ብዬ አሊዩ አምባ ወንድሜ ቤት ገባሁ። እሱ ፈትቼሻለሁ አላለም፤ እኔም አልተመለስሁም። ጣውንቴ ሐምዲያ ስትገባ ዓይኑ ፈዝዞ ነበር፤ በእሷ ዘመን አንዲት መስመር አልጻፈም። ጣሊያን ሊገባ ሲል ሞተ።

ያስተማራቸው ደረሶች ቤቱን እንደነበረ ጠበቁት። ያች የቀወት ቤታችን ዚያራ የሚኬድባት ሆነች፤ ሰው ቅቤውንና ማሽላውን ተሸክሞ ይመጣል፣ አጎዛውን፣ ብዕሩን፣ ቀለም ቀንዱን ያያል፣ ዱዓ አድርጎ ይመለሳል። የምታሳየው ሐምዲያ ናት። ይህን ስሰማ እህል አልዋጥልሽ አለኝ። ብዙ ቻልሁና አንድ ቀን ከዘያሪዎች ጋር ተቀላቅዬ ሄድሁ።

በገዛ ደጄ ጫማዬን አወለቅሁ። ወንድሜ የገዛልኝ አዲስ ነጠላ ጫማ ነበር፤ ጣውንቴ ትይልኝ ብዬ ነው ያደረግሁት። እሷ ግን ዓይታኝ አታውቅም። ነጭ ለብሳ፣ እጇን እያሳመች ተቀምጣለች።

“ከወዴት መጡ፣ እናቴ?” አለችኝ።

እናቴ!

“ከአሊዩ አምባ።”

“አላህ ይቀበልዎ። ይግቡ፣ ቤት የእንግዳ ነው።”

በቀጭን ዘንግ እየጠቆመች ታሳየን ጀመር። “ሸሁ እዚህ አጎዛ ላይ ሆነው ሲጽፉ፣ ይህን ቀለም ቀንድ የምሞላላቸው እኔ ነበርሁ” አለች። አንዲት ሴትዮ እንባዋን ጠርጋ የሐምዲያን እጅ ሳመች። እኔ ያንን ስንት ዘመን ጥላሸት ጥፍሩ ሥር የኖረበትን እጄን ሻሼ ውስጥ ደበቅሁት። “ውሸታም!” ልል አፌን ስከፍት ውጭ ውሻ ጮኸ።

አንድ የጣሊያን መኮንን ከአስካሪ ወታደሮቹና ከአስተርጓሚው ጋር በሩን ሞላው። ቤቱ ውስጥ የቆሰለ አርበኛ አድሯል የሚል ወሬ ደርሷቸው ኖሯል። ጓዳውን በረበሩና ደም የነካው ጨርቅ አገኙ።

“የሸሁ ሚስት የትኛዋ ናት? ተጠያቂዋ እሷ ናት” አለ አስተርጓሚው።

ሐምዲያ ዘንጓን ከጀርባዋ ደበቀች። ሌላው ሰው መሬት መሬት ያያል። አስተርጓሚው ነጭ ልብሷን አየና ጣቱን ወደ እሷ ቀሰረ፤ “አንቺ ነሽ አይደል?”

አላስቻለኝም። እውነቱን ልናገር፤ ለእሷ አላዘንሁም፣ ለአገሬም ብዬ አይደለም። ያንገበገበኝ ያ ጣት ወደ እሷ መሄዱ ነው።

“እኔ ነኝ!” ብዬ ጮህሁ። “የሸህ ሷሊሕ ሚስት እኔ ጣይባ ነኝ። እሷ ቤት ጠባቂ ናት።”

መኮንኑ ጻፈኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። አስተርጓሚው ስሜን ከሸሁ ስም አጠገብ ሲያስጽፍ ስሰማ፣ ወላሂ፣ የሠርጌ ቀን መሰለኝ። እየገፈተሩ በባዶ እግሬ ወሰዱኝ፤ ጫማዬ ደጃፍ ላይ ቀረ።

ሸዋ ሮቢት አሰሩኝ። ውስጥ እግሬን እየገረፉ ስለ አርበኛው ጠየቁኝ። አላውቅም አልሁ፤ እውነትም አላውቅም ነበር። ሰው ግን “ምስጢር አላወጣችም” ብሎ ጀግና አደረገኝ። ክረምቱ ሲወጣ ለቀቁኝ። ወንድሜ ጋ ከመሄዴ በፊት እያነከስሁ ወደዚያች ቤት አቀናሁ።

ዘያሪው ከበፊቱ በዝቷል። ሐምዲያ ብድግ ብላ ጉልበቴን ሳመች። ከቀለም ቀንዱ አጠገብ፣ ንጹሕ ጨርቅ ላይ፣ ጫማዬ ተቀምጧል።

“ደረሶቹ ናቸው ያስቀመጡት” አለችኝ። ሰው እስኪወጣ ጠበቀችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። “እትዬ ጣይባ፣ ሕይወቴን አትርፈውልኛል፤ አላህ ይክፈልዎ። ግን አልዋሽዎትም። ያንን የቆሰለ ሰው ደብቄ፣ ቁስሉን አጥቤ ያስታመምሁት እኔ ነበርሁ። ስምና ዝናው ግን የእርስዎ ሆነ። አሁን የሚመጣው ሁሉ ስለ እርስዎ ይጠይቅና እኔን ‘ጠባቂዋ ነሽ?’ ይለኛል። ያቃጥለኛል፤ እንቅልፍ አጥቻለሁ።”

ይህን ሕመም አውቀዋለሁ። በአሊዩ አምባ ስንት ዓመት አብሮኝ ያደረ ነው። ላዝንላት ይገባ ነበር። ደስ አለኝ፤ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ከእስር ስፈታ እንኳ እንዲያ ደስ አላለኝም።

እሷ ጫማውን አንስታ በሁለት እጇ አቀረበችልኝ። “መንገዱ ሩቅ ነው፣ መሬቱም ይፋጃል። እግርዎ ገና አልዳነም። ያጥልቁትና ይሂዱ።”

ብልጥ! ከዚያ ቤት ይዤላት እንድሄድ ነው። ጫማውን አየሁት። ገና አዲስ ነው። እግሬም ይጠዘጥዘኛል።

“መልሽው” አልኋት። “ከቀለም ቀንዱ አጠገብ። ደግሞ ፈንጠር እንዳታደርጊው።”

እስክትመልሰው በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅሁ። ከዚያ በዚያ በቀወት ሐሩር፣ በባዶ እግሬ፣ ከጥላ ጥላ እየዘለልሁ የአሊዩ አምባን መንገድ ያዝሁ።